የቤት ወንበርና የእድር መጋዘን፦ የኮምፒውተራችን ቨርቹዋል ሜሞሪ የሐምሌ ማስታወሻ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ ማታ

የልጄ ሥራ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ቀረ። የመመረቂያ ጽሑፏ በጅማ ዞን ስላለው የጎማ ወረዳ የቡና ጥላ ዛፎች ነው። ከሳተላይት የተነሣ ምስል አውርዳ የትኛው ቦታ ጥላ ያለው ቡና፣ የትኛው ደን፣ የትኛው የእህል ማሳ እንደሆነ ኮምፒውተሩ እንዲለይላት ታደርጋለች። ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ማህደረ ትውስታ እያነሰ ስለሆነ ፕሮግራሞችን ዝጉ የሚል ሳጥን ብቅ አለ። እሷ ሳትነካው ፕሮግራሙ ራሱ ተዘጋ፤ የሁለት ሰዓቱም ሥራ አብሮ ጠፋ።

«አባዬ፣ ይህ ኮምፒውተር ከአቅሙ በላይ የጫንንበት ይመስለኛል» አለችኝ። ምናልባት እውነቷን ነው። ነገር ግን አዲስ ኮምፒውተር በመምህር ደመወዝ የሚገዛ ዕቃ ስላልሆነ፣ አቅሙ በትክክል የት ላይ እንደሚያልቅ ሳላውቅ ተስፋ አልቆርጥም። ይህን ደብተር የከፈትሁት ለዚህ ነው፤ የነካሁትን ሁሉ ከነቁጥሩ እመዘግብበታለሁ።

ማሽኑ ያገለገለ ሆኖ ከሁለት ዓመት በፊት የተገዛ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10፣ 4 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ፈጣን ማህደረ ትውስታ)፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ዲስኩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ሲ 100 ጊጋባይት ነው፣ የቀረው ዲ ነው።

ከመተኛቴ በፊት ሥራውን እንደገና አስጀምረን የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ከፍቼ የማህደረ ትውስታውን ገጽ ተመለከትሁ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የተጻፈው ይህ ነበር፦ በሥራ ላይ ያለ ራም 2.9 ጊጋባይት፤ ኮሚትድ በሚለው ሥር ደግሞ 3.8 ከ3.9። አንድ ጊጋባይት ያህል ራም ገና አልተነካም። ባዶ ቦታ እያለ እንዴት አለቀ ይባላል? ይህን ጥያቄ ይዤ ተኛሁ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

መልሱን አገኘሁት፤ ያገኘሁትም የትናንቱን ሁለተኛ ቁጥር ችላ ባለማለቴ ነው።

እንደሚገባኝ ላስረዳ። ቤታችን 12 ወንበር አለ። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲሆን የእድሩ መጋዘን 60 ወንበር ይሰጠናል። ስለዚህ ድግስ ስንደግስ 72 ሰው መጥራት እንችላለን፤ ሰባ ሦስተኛውን ሰው ጠርቶ ቆሞ እንዲበላ ማድረግ ነውር ነው። ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም ማህደረ ትውስታ ሲጠይቅ ዊንዶውስ ቃል ይገባለታል። ፕሮግራሙ ቦታውን ዛሬ ይቀመጥበት ነገ አይታወቅም፤ ቃል የተገባበት ወንበር ግን ለሌላ አይሰጥም። ኮሚትድ ማለት ይህ ነው፤ የተጠሩት እንግዶች ቁጥር እንጂ የተቀመጡት ቁጥር አይደለም። ጣሪያው ደግሞ የቤቱ ወንበርና የመጋዘኑ ወንበር ድምር ነው፤ ማለትም ራምና፣ ዲስኩ ላይ እንደ ተጨማሪ ራም የተያዘው ፔጅ ፋይል የተባለው ፋይል ተደምረው።

የእኛ ጣሪያ 3.9 ብቻ ነበር። የራሙ ልክ ነው ማለት ነው። መጋዘኑ የለም!

ቅንብሩን ከፍቼ ስመለከት እውነትም «ምንም ፔጅ ፋይል የለም» የሚለው ተመርጧል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩን የገዛን ሰሞን ያስተካከለልን ባለሙያ «ሲ ጠቦብሃል፤ ይህን ባጠፋው ቦታ ታገኛለህ፤ ሁሉም ነገር ራም ላይ ስለሚሆን ፍጥነትም ይጨምራል» ብሎኝ ተስማምቼ ነበር። ምክሩን ብዙ ሰው ስለሚደጋግመው በቀጥታ ልናገር፦ 4 ጊጋባይት ራም ላለው ቤት ስሕተት ነው። 32 ጊጋባይት ያለውና ጥቂት ፕሮግራም የሚከፍት ሰው ጉዳቱን ላያየው ይችላል። እኛ ግን ሦስት እንግዶች ገና ሳይመጡ፣ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ እያለ፣ አሥራ ሦስተኛውን እንግዳ ከበር የምንመልስ ቤት ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን።

ታሪክ አስተማሪ ስለሆንሁ የነገሩን መነሻ ሳልፈልግ ማለፍ አልቻልሁም። ራምንና ዲስክን እንደ አንድ የመጠቀሙ ዘዴ ቨርቹዋል ሜሞሪ ይባላል፤ የመጣውም በእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለው ኮምፒውተር ፈጣኑ ማህደረ ትውስታው 16 ሺህ ቃላት (ቃል ማለት ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያነሣው የመረጃ ክፍል ነው) ያህል ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ከጎኑ 96 ሺህ ያህል የሚይዝ የሚሽከረከር ከበሮ ነበረው። ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ማህደረ ትውስታ አድርገው ለፕሮግራሙ አቀረቡለት። ይዘቱን በ512 ቃላት ገጽ ከፋፍለው፣ የማይፈለገውን ገጽ ወደ ከበሮው፣ የሚፈለገውን ወደ ፈጣኑ ያመላልሱት ነበር። ከዚያ በፊት ይህን ማመላለስ ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ በእጁ ማቀድ ነበረበት። ዛሬ የእኛ ኮምፒውተር ገጽ 4 ኪሎባይት ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ያለ 4 ጊጋባይት ራም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጽ ይይዛል። ዘዴው ግን ያው ነው። ቨርቹዋል ሜሞሪን ምናባዊ ማህደረ ትውስታ ብለን ስንተረጉመው የሌለ ነገር ይመስላል፤ ቦታው አለ፤ ምናባዊ የሆነው ለፕሮግራሙ የሚነገረው አድራሻ ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ፔጅ ፋይሉን ለመመለስ መጀመሪያ ሲ ላይ ቦታ ያስፈልጋል፤ የቀረው 3 ጊጋባይት ብቻ ነው። የእህቴን ሠርግ ቪዲዮ ወደ ዲ አዛወርሁ። ጊዜያዊ ፋይሎችን በዲስክ ክሊንአፕ አጸዳሁ። ከዚያ ሃይበርኔሽን የሚባለውን አጠፋሁ፤ ኮምፒውተሩ ሲያንቀላፋ የራሙን ይዘት ለማስቀመጥ የያዘው ፋይል ብቻውን 1.6 ጊጋባይት ነበር። ባትሪ ለሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ መብራት ሳይናገር ለሚሄድበት ክረምት፣ ይህ ፋይል የሚጠቅመን አልመሰለኝም። ጉዳቱ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ትንሽ መዘግየቱ ነው። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ሆነ።

መንገዱ ይህ ነው፦ ዚስ ፒሲ ላይ በቀኝ ጠቅ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ቨርቹዋል ሜሞሪ፣ ቼንጅ። እዚያ ያለው ሁሉ በሜጋባይት ነው የሚጻፈው። መነሻውን 4096፣ ከፍተኛውን 6144 ብዬ ሞላሁና ኦኬ አልሁ። ኮምፒውተሩን አስነሥቼ ብመለከት ምንም አልተለወጠም! ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ ከኦኬ በፊት ሴት (Set) የሚለውን ቁልፍ መጫን ግድ ነው፤ ካልተጫነ የጻፉት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በዚህ አንድ ቁልፍ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ሄደ፤ ለዚህ ነው እዚህ አስምሬ የጻፍሁት።

ለምን እነዚህን ቁጥሮች መረጥሁ? የራምን አንድ ተኩል እጥፍ አድርግ የሚል የቆየ ደንብ አለ። እኔ አልተቀበልሁትም። 4 ጊጋባይት ራም ላለው 6፣ 16 ላለው ደግሞ 24 ጊጋባይት አዘጋጅ ማለት ነው፤ ቤቱ ብዙ ወንበር ያለው ሰው ከመጋዘን ብዙ ይውሰድ እንደማለት ይሆናል። መለኪያው ሥራው የሚጠይቀው ጠቅላላ መጠን ሲቀነስ ያለው ራም ነው። ልክን ለዊንዶውስ መተውም ይቻላል፤ ለአብዛኛው ሰው የምመክረውም እሱን ነው። ራሱ ሲያስተዳድረው እስከ ራሙ ሦስት እጥፍ ወይም እስከ 4 ጊጋባይት፣ ከሁለቱ እስከሚበልጠው ድረስ ያሳድገዋል፤ ከድራይቩ አንድ ስምንተኛ ግን አያልፍም። በእኛ ቤት ይህ እስከ 12 ጊጋባይት ማለት ነው። ሲ ላይ ያለው ነፃ ቦታ 15 ብቻ ስለሆነ ድንበሩን በእጄ ማበጀት መረጥሁ።

ሴት ተጭኖ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሥቶ፣ ጣሪያው 7.9 ሆነ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

የገበያ ቀን። ልጄ ጠዋት ሥራውን አስጀምራ ከእናቷ ጋር ወደ ጅማው ሂርማታ ገበያ ወረደች፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ፊቱ ተቀመጥሁ።

ሥራው አልተቋረጠም። ኮሚትድ ቀስ እያለ 4፣ 5፣ በመጨረሻም 6.8 ደረሰ፤ ማስጠንቀቂያም አልመጣም። ባለፈው ሳምንት በር ላይ የተመለሰው እንግዳ ገባ ማለት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ኮምፒውተር መሆኑ ቀረ። የመዳፊቱ ቀስት ይቆማል፣ ይዘላል። የዲስኩ መብራት አንድም ጊዜ አልጠፋም። የራምና የዲስኩን ሥራ በዝርዝር የሚያሳየውን ሪሶርስ ሞኒተርን ለመክፈት ብቻ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በሰከንድ የሚቆጠረው ሃርድ ፎልት ከመቶ አይወርድም ነበር። ሃርድ ፎልት ማለት ብልሽት አይደለም፤ የተፈለገው ገጽ ራም ላይ ታጥቶ ከዲስክ እንዲመጣ የተደረገበት ጊዜ ነው። ጥቂቱ የተለመደ ነው። ሳያቋርጥ በመቶ ሲቆጠር ግን ወንበር ተሸክሞ ከመጋዘን ቤት፣ ከቤት መጋዘን ሲመላለሱ መዋል ነው፤ ተሸካሚው ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ የተቀመጠ እንግዳ ግን የለም። ፒተር ዴኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በሽታ በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አጥንቶ ምክንያቱን አስቀምጦታል፦ እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ወቅት አዘውትሮ የሚነካቸው ገጾች አሉት፤ የነዚያ ድምር ራሙን ካለፈ ማመላለሱ ሥራውን ይውጠዋል።

መጠኑን ለራሴ እንዲታየኝ አሰላሁት። ራም ላይ ያለ ገጽ ለመድረስ 100 ናኖሰከንድ ያህል ይበቃል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ክንዱን አንቀሳቅሶ፣ ሳህኑ እስኪዞር ጠብቆ፣ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ከጓዳ ወንበር ማንሣት አንድ ሰከንድ ቢሆን፣ ከዲስክ ማምጣት ከ27 ሰዓት በላይ ይሆናል። ከጅማ ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ማደርና ወንበሩን ይዞ መመለስ ማለት ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ዝናቡ ከነነጎድጓዱ መጣና መብራት ሄደ።

ልጄ ከገበያ ስትመለስ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከሰማኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው። «አባዬ፣ ግማሹ ዲስክ ላይ ነበር አላልኸኝም? ዲስክ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። ታዲያ ለምን አልተረፈም?» እኔም መጀመሪያ መልስ አልነበረኝም። ሻማ አብርተን ስናወራ ነው የተፈታው። ገጾቹ ዲስኩ ላይ አሉ፤ የትኛው ገጽ የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚነበብ የሚናገረው መዝገብ ግን ራም ላይ ነበር። መዝገቡ ሲጠፋ መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ስም ያልተጻፈበት ወንበር ብቻ ነው። ዊንዶውስም ሲነሣ ያን አሮጌ ይዘት ሊያነበው አይሞክርም፤ በላዩ ይጽፍበታል። ፔጅ ፋይል የራም ማስፋፊያ እንጂ የሥራ ማስቀመጫ አይደለም። በክረምት ጅማ ውስጥ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

መብራት ማታ ሲመለስ ልጄ ስክሪፕቷን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የምታዝበትን የትእዛዝ ጽሑፍ፣ አሻሻለችው። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ውጤቱ በፋይል ይቀመጣል፤ ቢቋረጥ ካለቀው ደረጃ ይቀጥላል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ፔጅ ፋይሉን ወደ ዲ ማዛወር ያፈጥናል የሚል ምክር ስለሰማሁ ሞከርሁ። አላፈጠነም። ሲ እና ዲ ሁለት ስም ያላቸው የአንድ ዲስክ ክፍሎች ናቸው፤ የሚያነበው ክንድ አንድ ነው። ሁለተኛ ዲስክ ያለው ሰው ቢሞክረው ሌላ ነገር ነው። እኛ ጋ ወደ ሲ መለስሁት።

የቀኑ ዋና ሥራ ሌላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጄ ወረቀት አውጥታ፣ ይህ ሥራ ይህን ሁሉ ቦታ የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ አብረን እናስላው አለች። ምስሉ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ያነሣው ነው። አንድ ምስል በጎንና በቁመት 10,980 ነጥብ አለው፤ እያንዳንዱ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሲባዛ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሆናል። በፋይሉ ውስጥ አንዱ ነጥብ 2 ባይት ስለሚይዝ አንድ ቀለም 241 ሜጋባይት ያህል ነው። ስክሪፕቱ ግን ለስሌት ሲል ወደ 4 ባይት ይለውጠዋል፤ 482 ሜጋባይት። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ፣ አራቱ ሲደመሩ ወደ 1.9 ጊጋባይት ይጠጋሉ። በላያቸው ከነሱ የሚሰሉ ሁለት ንብርብሮች አሉ፤ በመካከል የሚፈጠሩ ቅጂዎችም አሉ። 6.8 ከየት እንደመጣ ተገለጠልን።

ዝም ብላ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና «እኔ የምፈልገው ጎማን ብቻ ነው። ምስሉ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በጎን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቁመት ነው» አለች።

ከስሌቱ በፊት ምስሉን ጎማን በሚሸፍን 50 ኪሎ ሜትር በ50 ኪሎ ሜትር ቆረጠችው። 5,000 በ5,000 ነጥብ፤ አንዱ ንብርብር ከ482 ወደ 100 ሜጋባይት ወረደ። ሥራው በ26 ደቂቃ አለቀ። ኮሚትድ 3.4 ላይ ቆመ፣ ሃርድ ፎልቱ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ነበር። ስምንት ቀን ቅንብር ሳገላብጥ ያላገኘሁትን ፍጥነት እሷ በአንድ መቀስ አገኘችው። ቅንብሩ ሥራው እንዳይወድቅ አደረገ፤ ሥራውን ያፈጠነው ግን የሚጠየቀውን ማሳነሱ ነው። እንዲህ በማሰቧ ኮራሁባት፤ ለእሷም ነገርኋት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ቢሆንም መማሪያ ክፍል ውስጥ ለሚታይ ካርታ ሙሉውን ምስል አንድ ቀን መሥራት አይቀርላትም። ስለዚህ ሁለተኛ 4 ጊጋባይት ራም ገዛሁ፤ ያገለገለ ነው። ሳጥኑን ከፍቼ ነባሩ ዲዲአር 3 የሚባለው የራም ዓይነት መሆኑን፣ ከጎኑም አንድ ባዶ ማስገቢያ መኖሩን ሳላረጋግጥ ወደ ሱቅ አልሄድሁም። ዲዲአር 4 ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፤ በጉልበት የሚያስገባ ሰው ማዘርቦርዱን ይሰብራል።

ገመዱን ነቅዬ፣ የሳጥኑን ብረት በእጄ ነክቼ፣ ራሙን ግራና ቀኙ ቀጭ እስኪል ተጫንሁት። ሲበራ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ረጅም ጩኸት ብቻ። አወጣሁት። የወርቅማው ጠርዝ ደብዝዞ ነበር፤ የኛ ከተማ እርጥበት ለብረት አይራራም። በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጌ ጠረግሁት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፌ መለስሁት። ተነሣ። ያገለገለ ስለሆነ ግን አላመንሁትም፤ የዊንዶውስን የማህደረ ትውስታ መመርመሪያ አስነሥቼ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ስሕተት አልተገኘበትም።

አሁን ራሙ 8 ስለሆነ ፔጅ ፋይሉን ላጥፋው? ልጄም ጠየቀችኝ። አላጠፋውም። ተጠርተው ያልመጡ እንግዶች 8 ጊጋባይት ቤት ውስጥም ይኖራሉ፤ የእነሱ ቃል ዲስኩ ላይ ቢያዝ ራሙ ለተቀመጡት ይተርፋል። ዊንዶውስ ክፉኛ ወድቆ ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይም የውድቀቱን ምክንያት ለመመዝገብ በዚያው ፋይል ይጠቀማል። መነሻውን 4096 እንዳለ ተውሁት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ሙሉው ምስል ዛሬ ተሠራ። ጣሪያ 11.9፣ ከፍተኛ ኮሚትድ 6.9፣ ጊዜ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። ሃርድ ፎልት ሲነሣ ጥቂት፣ ከዚያ በኋላ ብርቅ። እየተሠራ ሳለ ልጄ ጽሑፏን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስታርም ነበር። መብራትም አንድ ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ከሦስተኛው ደረጃ ቀጠለ።

ካርታውን አትማ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን ሰቀለችው። እኔ ደግሞ ቁጥሮቹን በአንዲት ወረቀት ጻፍኋቸው፦ ራም 4 ሲደመር 4፣ ዲዲአር 3፤ ፔጅ ፋይል ሲ ላይ፣ መነሻ 4096፣ ከፍተኛ 6144፤ ሃይበርኔሽን ጠፍቷል፤ ከኦኬ በፊት ሴት። ወረቀቷን በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ በማጣበቂያ ለጥፌ ብሎኖቹን አሰርሁ።